በነጻ የሚታይ ሀገር እና የአርቦሬዋ ፍየል

ሐዋሳ ያሉት እህቶቼ ስልክ በደወሉ ቁጥር አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «እዚያ ምን ታያላችሁ?» ይሉኛል። ሁለቱም ጂንካን ካርታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው የሚያሳዩ አይመስለኝም። ልምጣ ብለው አያውቁም፤ ወደፊትም አይመጡም። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት ለእነርሱ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ጥያቄያቸውን ቢተዉልኝ ደስ ይለኛል።

የጉዞው ምክንያት ዝውውሬ ነበር። ጂንካ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ክልሉ ገና አልተከፋፈለም፤ ዕድል የቀናው መምህር ከዞን ወደ ዞን ይዛወር ነበር። እኔም ደጅ ስጠና ኖሬ በመጨረሻ ሐዋሳ ደረሰኝ። ባሌ ማርቆስ ግን የጂንካ ልጅ ነው፤ አሪ ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራበት የእንጨት ቤት አለው። ወሬውን ስነግረው መላጊያውን አስቀመጠ።

በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «ምህረት፣ አንቺ እዚህ ስትኖሪ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ነው የምታውቂው። አንድ ሳምንት ስጪኝ። ልጆቹን ይዘን ሀገሩን እንይ። ከዚያ በኋላም እንሂድ ካልሽ፣ የእንጨት ቤቱን ዘግቼ አንድ ቃል ሳልናገር እከተልሻለሁ።»

ወጪውስ ብዬ ጠየቅሁት። ከመሳፈሪያ በቀር ሁሉም በነጻ ነው አለኝ፤ ማየት በነጻ፣ መዋኘት በነጻ፣ ቆላ ወርዶ አርቦሬ መንደር ማደርም በነጻ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ልጆቹም ቤት ውስጥ ተሰላችተዋል። ደግሞ እንደማሸንፍ እርግጠኛ ነበርኩ። ሀገሩ ራሱ እንደሚመሰክርልኝ አውቅ ነበር፤ እሺ አልኩት።

ቅዳሜ

የባሌ ፕሮግራም የጀመረው ከቤታችን በእግር ከሚደረስበት ቦታ ነው። ጂንካ መሃል የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ አለ። አውሮፕላን ማረፊያ ሲባል የሐዋሳ ሰው አስፋልትና መብራት ይታየው ይሆናል። ይህ ሣር ነው። ረጅም፣ ሰፊ፣ የጨቀየ ሣር። ላሞች ይግጡበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሞተር ብስክሌት የሚለማመዱ ጎረምሶች እየወደቁ ይነሱበታል። ማርቆስ እንደ አስጎብኚ እጁን ዘርግቶ ቆመና፣ ልጅ እያለ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብቶቹን ከሜዳው ለማባረር እንዴት ይሯሯጡ እንደነበር ተረከልን። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡት። እኔ አውሮፕላን የሌለበት አውሮፕላን ማረፊያ ምን እንደሚያስጎበኝ ጠየቅሁ። እኛ ሀገር ቅዳሜ ከሰዓት ቤተሰቡን ይዞ ሐይቅ ዳር የወጣ ሰው ቢያንስ ውሃ ያያል፤ ዓሣ ይበላል፤ ከሰው ቁመት የማይተናነሱት አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች አጠገቡ ቆመው የዓሣውን ጭንቅላት ይጠብቃሉ። እዚህ ያየሁት የጎረቤታችንን ጊደር ነው። እሷን ደግሞ ዘወትር ጠዋት በራችን ላይ አያታለሁ።

ወዲያው ዝናብ መጣ። ሮጠን ከሜዳው ዳር ያለ የማናውቀው ሰው በረንዳ ላይ ተጠለልን። የቤቱ እመቤት ከበረንዳ አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችን፤ ትኩስ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረበችልን። እንደ ወጉ «ኧረ በልተን ነው የመጣነው፣ አትቸገሪ» አልኳት። ማርቆስ ግን ወዲያው ሁለተኛውን እየላጠ ነበር። አፈርኩበት። የጂንካ ሰው እምቢ ማለት አይችልም ብዬ በልቤ መዘገብኩ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነሪ ወንዝ ወረድን። ነሪን ለማያውቅ ልንገረው፤ ውሃ ነው፤ ድንጋይ አለው። ዳር ዳሩን ሰዎች ሞተር ብስክሌት ያጥባሉ፤ ከፍ ብሎ ልብስ ይታጠባል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ የእኔ ልጆች ይዋኙ ዘንድ ተጋበዙ። ከላይ የሚመጣው የሳሙና አረፋ እንደ በረዶ ያምራል ያለችው ልጄ ብሌን ናት፤ አራተኛ ክፍል ናት፤ በረዶ አይታ አታውቅም። ምሳችን ዳቦና አቮካዶ ነበር። ታናሹ ናታን ጫማውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፤ አንዱን ጫማ ወንዙ ወሰደው። ሞተር የሚያጥቡት ልጆች ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ታች ድረስ ተከተሉት፤ ረጥበው፣ ጫማውን ሳይሆን የሌላ ሰው ነጠላ ጫማ ይዘው ተመለሱ። «ይሄም ይሆነዋል» ብለው ሰጡኝ። ናታን ቀሪውን ጉዞ የተጓዘው በሁለት ዓይነት ጫማ ነው።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ከቤት አልወጣንም። ከሳምንቱ ሁሉ የተደሰትኩበት ቀን እሱ ነው።

ማክሰኞ

አልዱባ ማክሰኞ ገበያ ነው። በአንድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ እግራችን ሥር የታሰረ ዶሮ እየተንፈራገጠ ሄድን። ባሌ ስለ አልዱባ ሲያወራ ሐዋሳ አዲስ ገበያ የተከፈተ ነበር የሚመስለው። ስንደርስ ያገኘነው አቧራ፣ ግራር፣ ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላና ሰው ነው። የበናና የፀማይ ሴቶች በቅቤና በቀይ አፈር የተቀባ ፀጉራቸውን አሰማምረው በረድፍ ተቀምጠዋል። እኛ እነርሱን እናያለን፤ እነርሱም እኛን ያያሉ። ከሁለታችን ማን በነጻ እንደተጎበኘ እስካሁን አላወቅሁም።

እዚያ አንድ ነገር አናደደኝ። ካሜራ ያንጠለጠሉ ፈረንጆች ከአስጎብኚያቸው ጋር መጡና የሚሸጡትን ሴቶች ማንሳት ጀመሩ። አስጎብኚው በትሕትና ወደ እኔ ቀርቦ ከልጆቼ ጋር ትንሽ ፈቀቅ እንድንል ለመነኝ። ጃንጥላዬና የብሌን ሮዝ ቦርሳ ፎቶውን እያበላሹባቸው ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የገዛ ዞናችን ገበያ ላይ ቆመን የማንታይ ሰዎች ሆንን። ጎብኚም አይደለንም፣ ተጎብኚም አይደለንም። ማርቆስ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ጃንጥላዬን ይበልጥ ዘርግቼ እዚያው ቆምኩላቸው። ቤታቸው ገብተው ፎቶውን ሲያዩ እኔን ያገኙኛል።

ሌላም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች የበና ሴት አንገቴ ላይ ያለውን ሻሽ ጎተተችና «ስጪኝ» አለችኝ። አይሆንም ስላት አልተቀየመችም፤ የፀጉሬን መያዣ ጠየቀችኝ። ከዚያ ጃንጥላውን። ስትጠይቅ እንደሚለምን ሰው አትሽቆጠቆጥም፤ ሰዓት እንደምትጠይቅ ሰው ነው ቀጥ ብላ የምትጠይቀው። ልመና በየትኛውም ፊት ቢመጣ ልመና ነው ብዬ ለማርቆስ ነገርኩት። ማርቆስ ለሴትየዋ በአሪኛ ይሁን በበንኛ የሆነ ነገር ብሎ አሳቃት። ያን ማታ ቀይ አፈር የምትባል ከተማ አደርን። አልጋው ደህና ነበር፤ ትራሱ ግን ድንጋይ ነው።

ረቡዕ

ከቀይ አፈር ወይጦ ድረስ አስፋልት ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ይመጣል። ወይጦ ስንደርስ የፊቴ ቅባት ቀልጦ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወደ አርቦሬ የሚሄድ መኪና እንጠብቃለን ተባለ። መኪናው «አሁን ይመጣል» ነው። ጠዋትም አሁን ይመጣል፤ ከምሳ በኋላም አሁን ይመጣል። ሐዋሳ ባጃጅ አምስት ደቂቃ ከዘገየ ሰው ይሳደባል፤ እዚህ ሰው ከግራር ሥር ተጋድሞ መኪና የመጠበቅን ሥራ እንደ ሥራ ይሠራል።

ማርቆስ የአርቦሬውን ነገር የነገረኝ እዚያ ጥላ ሥር ነው። አባቱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ማርና ትንባሆ በአህያ ጭኖ ከአሪ ተራራ ወደ ቆላ ይወርድ ነበር። አርቦሬ ውስጥ ጃላ ነበረው። ጃላ ማለት ዝም ብሎ ጓደኛ አይደለም። ጃላህ ቤት ስትደርስ ቤትህ ነው፤ ትበላለህ፣ ታድራለህ፣ እሱም አንተ ጋ እንዲሁ። አባቶቹ ሲሞቱ ልጆቻቸው ይወርሱታል። የማርቆስ ጃላ የሰውየው ልጅ ሱራ ነው። አባቱ ከተቀበረ ወዲህ ግን ማርቆስ አርቦሬ ወርዶ አያውቅም፤ ትዳር፣ ሥራ፣ ልጅ እያለ ቀርቷል። እንግዲህ የባሌ ነጻ ማደሪያ የአባቱ ውርስ መሆኑ ነው። ሌላው ሰው መሬት ይወርሳል አልኩት።

መኪናው አልመጣም። ማደሪያ የሰጠችን የጎፋ ሴት ክፍሎቹ እንደ ምድጃ ስለሚግሉ አልጋዎቹን ግቢ አውጥታ ደረደረቻቸው። ከማናውቃቸው ሾፌሮች ጋር ሜዳ ላይ ማደር! ይህን እናቴ ብትሰማ ከሐዋሳ መጥታ ትወስደኝ ነበር። ሴትየዋ ግን የራሷን አጎበር ፈትታ ልጆቼ ላይ ሰቀለችላቸው፤ እሷ ያለ አጎበር አደረች። ጠዋት እጇ በትንኝ ንክሻ አብጦ አየሁት። ስለ እሷ ክፉ አልናገርም።

ሐሙስ

አንድ የጭነት አይሱዙ በቆሎ ጭኖ መጣና ከጆንያው ላይ አሳፈረን። መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው። ብሌን ዘፈነች፤ ናታን ተኛ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ገመድ ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጎማ ተነፈሰ። ሁለተኛው ላይ ሾፌሩ «እረፍት ነው፤ ውረዱ፣ ተዝናኑ» አለን። ዙሪያዬን አየሁ፤ የምዝናናበት አንድ ኩይሳ ነበር።

አርቦሬ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መንደሩ ሜዳ ላይ የተተከሉ ትልልቅ ክብ የሣር ቤቶች ነው፤ በየቤቱ ፊት የእንጨት አጥር፣ በየአጥሩ ውስጥ ፍየል። ጥቁር ጨርቅ ራሳቸው ላይ የጣሉ ልጃገረዶች ከበቡን። የሐዋሳ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በአስፋልት ላይ እየተንሸራሸረ አይስክሬም ሲልስ፣ እኔ በጠራራ ፀሐይ ዝንብ ከልጄ ዓይን ላይ አባርራለሁ። ወደ ማርቆስ ዞሬ «አሸንፌያለሁ» ልለው ነበር፤ እሱ ግን ከእኔ ጋር አልነበረም። ከአንዱ ቤት ከወጣ ረጅም ቀጭን ሰው ጋር ተቃቅፈው ቆመዋል። ሰውየው የማርቆስን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ያያል። በኋላ ማርቆስ እንደነገረኝ ሰውየው የሟቹን አማቴን ፊት እየፈለገ ነበር።

ሱራ ይህ ነው። አማርኛው የቀበሌ ስብሰባ ላይ የተማረው ነው፤ አጭር ነው፣ አይሽሞነሞንም። ሚስቱ ውስጡ የቀዘቀዘው ትልቁ ቤቷ ውስጥ አስገብታ በቅል ሸፈሮ ሰጠችን፤ የቡና ገለባ የፈላበት ነው፤ ቡናው ራሱ የት እንደሄደ አልጠየቅሁም። ከዚያ የማሽላ ገንፎ በወተት መጣ። ጭስ ጭስ ይላል፤ ልጆቼ ቅሉን ላሱት። ሴትየዋ የናታንን ሁለት ዓይነት ጫማ አይታ እስክታለቅስ ሳቀች። ሙቀቱ እስኪበርድ ቁርበት ላይ አጋደመችንና ቅጠል ይዛ ዝንቡን ከልጆቹ ላይ ስታባርር ቆየች። እንዳትደክም ብዬ ልቀበላት ስል እጄን መታችኝ።

ሊመሽ ሲል ፍየሎቹ ገቡ። ሱራ በመካከላቸው ገብቶ ቆየና አንዲት ነጭ ጥቦት፣ አንድ ጆሮዋ ጥቁር የሆነ፣ በገመድ ይዞ ወጣ። ገመዱን ብሌን እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ የሷ ነው» አለ።

የልጄ ፊት እንዴት እንደበራ መናገር ያቅተኛል። እኔ ግን አስተዳደጌ ቀደመኝ። ድሃ ሰው ለማያውቃት ልጅ ፍየል ሲሰጥ ዝም ብላ የምትቀበል እናት ምን ትባላለች? «ኧረ በፍጹም! ምን ሲደረግ! እናንተም ልጆች አሏችሁ፤ አይሆንም፣ አይሆንም» አልኩ። እጄን እያወዛወዝኩ፣ ፈገግ እያልኩ። ሁለተኛ እስኪለኝ ጠበቅሁ። እኛ ሀገር እንዲህ ስትይ ሰጪው «በሞቴ» ይላል፤ አንቺ ደግሞ ትግደረደሪያለሽ፤ እሱ ይገዘታል፤ በመጨረሻ ተሸንፈሽ ትቀበያለሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጨዋታ ነው።

ሱራ በሞቴ አላለም። ትንሽ አየኝ። ከዚያ ገመዱን ከብሌን እጅ በቀስታ ወስዶ ጥቦቷን ወደ አጥሩ መልሶ አስገባት። ብሌን አለቀሰች። ማርቆስ መሬት መሬት ያይ ነበር። ራት ላይ፣ ሰውየው ምን ያህል ግልፍተኛ ነው ብዬ አሰብኩ።

ዓርብ

ጠዋት መኪና ለመጠበቅ ወደ መንገዱ ወጣን። ሱራ ሊሸኘን አልወጣም። ማርቆስ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ፣ ሳይቆጣ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ ነገረኝ።

ጃላ ለጃላው ልጅ ፍየል ሲሰጥ ፍየሏ አትወሰድም። ሰጪው መንጋ ውስጥ ትቀራለች፤ ስትወልድ ግልገሎቹ የልጅቷ ናቸው። ልጅቷም ልታያቸው ትመጣለች፤ የሰውየው ልጆችም ወሬዋን ይዘው ወደ እሷ ቤት ይመጣሉ። ወዳጅነቱ ወደሚቀጥለው ትውልድ የሚያልፈው በዚህች ፍየል ነው። የምትቀበለው ደግሞ የልጅቷ እናት ናት። እናት አይሆንም ካለች፣ የአባቶቻችን ነገር እዚህ ያብቃ ማለቷ ነው። እዚህ ሰው የሚፈልገውን ስጠኝ ይላል፤ የማይፈልገውን አይሆንም ይላል። አይሆንም ብሎ የሚፈልግ ሰው ሱራ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

«አንተስ ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ሚስቴ የምትናገረው ሌላ የምትፈልገው ሌላ ነው ልበለው?» አለኝ። ከዚያ ቆይቶ እንዲህ አለ፤ «በቃ፣ ሐዋሳ እንሂድ። ሰኞ የእንጨት ቤቱን የሚከራይ ሰው እፈልጋለሁ። አሁን የምቀርበት ምክንያት የለኝም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ! በጨቀየው አውሮፕላን ማረፊያ፣ በነሪ ሳሙና፣ በአልዱባ አቧራ፣ በወይጦ ሙቀት አሸንፈዋለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ በእነዚያ ባሸንፈው ኖሮ እየዘፈንኩ እቃዬን እሸክፍ ነበር። አሁን ግን ያሸነፍኩት በምክንያት አይደለም። የማላውቀውን ነገር በጨዋ ቋንቋ ቆርጬበት ነው። ባሌ ደግሞ ቃሉን ጠብቆ አንድ ክፉ ቃል ሳይናገረኝ ሻንጣ ላይ ተቀምጧል። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ። ሌላ ስም የለውም፤ አፈርኩ።

ብሌንን እጇን ይዤ ተመለስኩ። ሱራ አጥሩን በአዲስ እንጨት እየጠገነ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። በመንገድ ላይ የሚያምሩ ቃላት ሁሉ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ ይቅርታ፣ ባህላችሁን ባለማወቅ፣ ምናምን። አንዱም አልወጣም። የወጣው በሕይወቴ ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነው።

«ፍየሏን ስጠኝ» አልኩት።

እንጨቱን አስቀመጠ። «ትናንት አልፈልግም አልሽ።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ለምን ትዋሺያለሽ?»

«እኛ ሀገር ሰው ሲሰጥሽ መጀመሪያ አይሆንም ነው የሚባለው። ወግ ነው።»

አሰበበት። በጣም ነው ያሰበበት። «የራበው ሰውስ?» አለኝ። «ምግብ ስትሰጪው?»

«በልቻለሁ ይላል።»

«ርቦት?»

«ርቦት።»

ወደ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን ጠርቶ በቋንቋቸው ነገራት። እሷ ብቅ ብላ ሰማች፤ አጎንብሳ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ለጎረቤቷም አሻግራ ነገረች፤ እዚያም ተሳቀ። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁበት ጨዋነት ሁሉ፣ እናቴ በጥፊ ያስተማረችኝ ጨዋነት፣ አርቦሬ መንደር ከአጥር አጥር እየዞረ መሳቂያ ሆነ። የሚገርመው እኔም ሳቄ መጣ። ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ በእውነት የሚያስቅ ነገር ነው።

ሱራ ግን ሳቁን ቶሎ ጨረሰ። ጥቦቷን አመጣ፤ ገመዱን ግን ለብሌን አልሰጣትም፤ በእጁ እንደያዘ እኔን አየኝ።

«ይቺ ትወልዳለች» አለ። «ስትወልድ ልጅሽ መጥታ ታያለች?»

ጥያቄው ቀላል ነው። ለሌላ ሰው ቢሆን «ታዲያስ! ምን ጥርጥር አለው!» ብዬ አፌን ሞልቼ መልሼ፣ በሳምንቱ ሐዋሳ እገባ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሱራ ጣቱን አነሳ።

«ይሄንንም መጀመሪያ ትዋሺያለሽ?» አለኝ።

ሲያሾፍብኝ አልነበረም። በሀገሬ ወግ የመጀመሪያው መልስ የማይታመን ከሆነ፣ ሁለተኛውን ለመስማት ሊጠብቅ ነው። ገመዱን ይዞ፣ ሳይቸኩል ጠበቀ። ብሌን ቀሚሴን ይዛለች። መንገዱ ላይ ባሌ ሻንጣ ላይ እንደተቀመጠ ከሩቅ ይታየኛል። ሐዋሳ ሁሉ በዓይኔ ላይ መጣ፤ ሐይቁ፣ እህቶቼ፣ ትልቁ ገበያ፣ ልጆቼን የማስገባበት ትምህርት ቤት። ሁሉንም እፈልገው ነበር። አሁንም እፈልገዋለሁ፤ እህቶቼ ይህን ያንብቡት።

«አልዋሽም» አልኩት። «ትመጣለች።»

ገመዱን ለብሌን ሰጣት። እሷም ጥቦቷን አቅፋ አልለቅም ስትል ከመንገዱ ሮጦ የመጣው ናታን፣ ያለ አንዳች ወግ፣ «የኔስ?» አለው። ሱራ «አንተ እግርህ አንድ ዓይነት ጫማ ሲያደርግ» አለው። ጥቦቷ በስንት ልመና ወደ መንጋው ተመለሰች። ማርቆስ ጋ ስደርስ ምንም አልነገርኩትም፤ ሱራ ከኋላዬ እየተከተለ ስለሆነ ፊቱን ሲያይ ገባው። ሁለቱ ሰዎች መኪናው እስኪመጣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድም ቃል አልተናገሩም። ከእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ምን እንደሚያገኙ አይገባኝም።

ቅዳሜ

መልሱም እንደ መሄጃው ነበር። የሱራ ሚስት ለመንገድ ብላ በቅል የሰጠችን እርጎ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ተገልብጦ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ወይጦ ድረስ ዝንብ እኔን እንጂ ሌላ ሰው አላየም። ወይጦ ላይ ያቺ የጎፋ ሴት ቀሚሴን አስወልቃ፣ የራሷን አልብሳ፣ የኔን አጥባ እስኪደርቅ አስቀመጠችን። ላዋሰችኝ ቀሚስ «አይ፣ ይቅር፣ እንዲሁ እሆናለሁ» ልላት ነበር፤ ምላሴን ነክሼ «ስጪኝ» አልኳት። ማርቆስ ወደ ሌላ ዞሮ ሳቀ።

ጂንካ ስንገባ እየዘነበ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ቤት ያለው ጭቃ ጫማዬን ከእግሬ ላይ ሁለት ጊዜ አውልቆታል። በሐዋሳ ሲዘንብ ውሃው በቦይ ይሄዳል፤ እዚህ ሰው ነው በቦይ የሚሄደው። ማርቆስ ሻንጣውን ተሸክሞ ከፊቴ ይሄዳል፤ የእንጨት ቤቱን በር ሲያልፍ ቁልፉን ነካ አድርጎ አለፈ። ዝውውሩን በተመለከተ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አንድ ቃል አልናገርም ብሎ ነበር፤ እንቅር ለማለትም አልተናገረም።

ሰኞ

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የዝውውር ጉዳይ የያዘው ሰውዬ የፀማይ ልጅ ነው፤ ቁም ነገረኛ፣ ከቢሮ አማርኛ ውጪ የማይናገር። ዝውውሬን እንዲሰርዝልኝ ስነግረው መነጽሩን አወለቀ። ሰው ለዚህ ዕድል ያለቅሳል፣ አንቺ ራስሽ ስንት ጊዜ እዚህ ወንበር ላይ አልቅሰሻል፣ ፕሮሰሱ አልቋል፣ ሪዘን ያስፈልገኛል አለኝ።

በመንገድ ላይ ያሰብኳቸው ምክንያቶች ነበሩ። የባሌ ሥራ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የጤና ጉዳይ። ሁሉም ቢሮ የሚወዳቸው ናቸው። ፊቱን ሳየው ግን ሌላ ውሸት መጀመር ሰለቸኝ።

«ልጄ አርቦሬ ላይ ፍየል አላት» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ተዘጋጀሁ። አልሳቀም። መነጽሩን መልሶ አደረገና በሥራ ቋንቋ ጠየቀኝ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት።»

«ሴት ከሆነችማ የት ትሄጃለሽ?» አለና ስሜን ሰረዘው።